ጅጋ ላይ ዲሹ ወደ የት ይዙር?

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር ከተጓዙ፣ ፍኖተ ሰላም ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብሎ ጅጋን ያልፋሉ። ያልፋሉ ያልሁት አብዛኛው መንገደኛ ስለማይወርድባት ነው። እኛ ግን እናቴ እዚያ ስለምትኖር እንወርዳለን።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ሄድን። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እናቴ እግሯን ካመማት ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው በእሱ ነበር። «ተበላሽቷል፣ አትድከሙ» አለችን። በስልክ አንድም ቀን አልነገረችንም። ይህ ከነከነኝ።

ቴሌቪዥኑ ግን ደኅና ነበር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ የእናቴ ዲሽ እንደ ድሮው ወደ ምዕራብ እንዳፈጠጠ ቀርቷል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የሚታየው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር። ወደ ገጠር ከመጣ በኋላም ሞገዱን ተራራ ስለሚጋርደው፣ አንዱ ረጅሙን የአንቴና እንጨት ያዞራል፣ ሌላው ከቤት ውስጥ «መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ሳተላይት ተራራውን አሸነፈው፤ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከምድር ወገብ በላይ ስለሚቆም። ጩኸቱ ግን አልቀረም!

እርስዎም ወደ ወላጆችዎ ሲሄዱ ይህ ከገጠመዎ አቅጣጫውን ይያዙ። ናይልሳት ከጅጋ ሲታይ በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 38 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ 64 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዲሹን ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ቀና ማድረግም ያስፈልጋል።

እኔ የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ጧት ፀሐይ በወጣችበት በኩል አዙሬ ግማሽ ቀን ለፋሁ። በሐምሌ ፀሐይ ወደ ሰሜን አዘንብላ እንደምትወጣ ረስቼዋለሁ። እናቴ ከደጃፉ በርጩማ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«የታኅሣሥ ፀሐይ እንግዲያ በዚያ በባሕር ዛፉ ቀኝ ነው የምትወጣው» አለችና በምርኩዟ አሳየችኝ።

እውነቷን ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ከሚፈለገው እምብዛም አይርቅም። ወደዚያ አዙሬ ጥቂት በጥቂት ቀና ሳደርገው ልጄ ከውስጥ ጮኸ። ዛፉ ፊት ለፊት ቢሆንም ከፍታው ስለሚያሳልፈው አልጋረደንም። ሲግናሉ መጀመሪያ ይቆራረጥ ነበር፤ የኬብሉ ጫፍ ውኃ ገብቶበት ዝጎ ኖሯል። እሱን ቆርጠን እንደገና አሰርነው። እርስዎም ኤልኤንቢውን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ይዩ።

ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ዜና ስናይ ከባድ ዝናብ መጣና ምስሉ ተሰባብሮ ጠፋ። ዝናብ ሲጠና ሞገዱን ያዳክመዋል። ልነሣ ስል እናቴ እጄን ያዘች።

«ተወው ልጄ፣ ሲያባራ ይመለሳል። ይልቅ ሁለተኛውን ቅዳ።»