የአባቴ ኡድና መለዋወጫው

ለወታደር የመለዋወጫ ነገር ግልጽ ነው። የተሰበረው ክፍል ይወጣል፣ ቁጥሩ የሚመሳሰል አዲስ ይገባል፣ መሣሪያውም እንደ ቀድሞው ይሠራል። እኔም በሐርጌሳ ከተማ ከአንድ አዛውንት ጠጋኝ ፊት እስክቀመጥ ድረስ ነገር ሁሉ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በድሬዳዋ ሲኖር በትርፍ ጊዜው ኡድ ይጫወት ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ኡዱ በቁም ሣጥን ላይ ለብዙ ዓመታት ተቀመጠ። ክሮቹ ተበጠሱ፤ ሁለት መቃኛዎቹ ተሰነጠቁ፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት ድልድይ ተላቀቀ፤ የፊቱም ጣውላ ተተረተረ። እናቴ «ከመሞቴ በፊት ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማው» ባለችኝ ጊዜ፣ በዕረፍት ፈቃዴ ኡዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ ገባሁ። ሱማሌዎች ኡድን ካባን ይሉታል፤ ከዘመናዊው ዘፈናቸው ፋና ወጊዎች አንዱ የነበሩት አብዱላሂ ቀርሼም የታወቁት በዚሁ መሣሪያ ነው።

«ሁሉም በአዲስ ይለወጥልኝ» አልኩ። አዛውንቱም በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋ አጠገብ በተማሩት አማርኛ «ልጄ፣ እናትህ የምትሻው አዲስ ኡድ ነው ወይስ የባሏን ኡድ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከዚያም ልዩነቱን አስረዱኝ። ክር አላቂ ነውና 11ዱም ይለወጣሉ። ሆኖም የብረት ክር ውጥረቱ ድልድዩን ስለሚነቅል፣ ቀጫጭኖቹ ናይለን፣ ወፋፍራሞቹ መዳብ የተጠመጠመባቸው ይሆናሉ። መቃኛው ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ በየቀዳዳው ልክ ይሞረዳል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ድልድዩ በቆዳ ሙጫ ይጣበቃል፤ ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ የነገው ጠጋኝ እንጨቱን ሳይጎዳ ይፈታዋል። የፊቱ ጣውላ ግን የኡዱ ድምፅ ነውና አይጣልም፤ ስንጥቁ በቀጭን ስንጥር ይሞላል። በትልቁ ፒያኖም ደንቡ ተመሳሳይ ነው። ክሮቹ፣ የመዶሻዎቹ ሱፍና የመቃኛ ካስማዎቹ ይለወጣሉ፤ የድምፅ ገበታው ግን እስከቻለ ድረስ ይጠበቃል።

አዛውንቱ ይህን የተናገሩት የኪሳራን ምንነት ከምታውቅ ከተማ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ ዘፈኖች የተቀዱባቸው ቴፖች ተሸሽገው ተረፉ። የፈረሰው ቤት እንደገና ተሠራ፤ ያ ድምፅ ቢጠፋ ግን መለዋወጫ አልነበረውም።

ድሬዳዋ በተመለስኩ ጊዜ የአባቴ የቀድሞ ጓደኛ ኡዱን አንሥቶ ቃኘና ተጫወተ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ትንሽ ጎርነን ብሏል» አልኳት በሥጋት።

«እርሱም በመጨረሻው ዘመኑ ጎርነን ብሎ ነበር» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ የቆየ ዕቃ ይኖራል። የሚለወጠውን ከመምረጣችሁ በፊት፣ የማይለወጠው የትኛው እንደ ሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።