ስለ ጧፍ፣ ስለ ሰምና ስለ ሻማ

በኦርቶዶክሳውያን ቤት ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው መባ ሲጠራ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ አብረው ይነሣሉ። ከሦስቱ መካከል ጧፉ በቤተሰብ እጅ ሊሠራ የሚችል ነው። ስለዚህ ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ለክርስቲያን ቤት ሁሉ ይጠቅማል። በማጀቴና በይፋት ቆላ ገበያ «ጧፍ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጧፍ አለመሆኑን ስላየን፣ የምናውቀውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም የሚሠራ ቀጭን መብራት ነው። እናቶቻችን ጥጡን ይፈትላሉ፤ ክሩን ደርበው ያከርሩታል፤ ከዚያም በቀለጠ ሰም ውስጥ እየሳቡ በጣታቸው ያለሰልሱታል። ሰሙም ከማር የሚገኝ ነው። ማሩ ለጠጅ ከዋለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በሙቅ ውሃ ቀልጦ በጨርቅ ሲጠለል፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የቀረው እድፍ ይፋቃል። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለ ሆነ ብዙ እሳት አያሻውም። እጅግ ከጋለ ግን ራሱ በእሳት ይያያዛልና፣ ዕቃውን ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ይገባል።

ሰሙ በከንቱ የተገኘ አይደለም። ሠራተኛዪቱ ንብ ከሆዷ ሥር ባሉት 8 ዕጢዎች በቀጭን ቅርፊት መልክ ታወጣዋለች፤ ለዚህም ንቦች የሰሙን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ማር ይበላሉ። እንግዲህ በአንዲት ጧፍ ውስጥ የንብም፣ የፈታይም፣ የገበሬም ድካም አለ።

ሻማ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በአውሮፓ የንብ ሰም ለቤተ ክርስቲያንና ለባለጸጋ ሲሆን፣ ድኻው ለብዙ ዘመን ከከብት ሞራ በተሠራ፣ በሚሸትና በሚጨስ ሻማ ያበራ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 ፈረንሳውያኑ ሸቭረልና ጌ ሉሳክ ከሞራ ጠንካራ የሻማ ስብ የማውጣትን ዘዴ አስመዘገቡ። በ1850 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ ከድንጋይ ከሰል ፓራፊን የማውጣትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ፓራፊን ከነዳጅ ዘይት ይወጣል፤ በየሱቁ የምናገኘውም ነጭ ሻማ አብዛኛው ከዚሁ ነው።

ፓራፊን በራሱ ነውር የለበትም። መብራት በጠፋ ሌሊት ልጆቻችን የሚያጠኑት በእርሱ ነው። እኛም በዲቁና ትምህርት ዘመናችን በጧፍ ብርሃን ዳዊት ደግመናል፤ በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለተማሪዎቻችን የሻማውን ነበልባል አሳይተናል። ሻማው እፍ ከተባለ በኋላ በሚወጣው ነጭ ጢስ ላይ ክብሪት ቢያስጠጉ፣ እሳቱ በጢሱ ተጉዞ ክሩን መልሶ ያቀጣጥለዋል። በዚህም የሚነደው ክሩ ብቻ ሳይሆን ቀልጦ በክሩ የወጣውና ወደ ተን የተለወጠው ሰም መሆኑ ይታወቃል። ይህ ለጧፍም ለሻማም አንድ ነው።

ነውሩ ያለው በማታለሉ ላይ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው መዳን የተሳሉትን ጧፍ ከገበያ ገዝተው ሲመጡ፣ ጧፉ በቆላው ሙቀት ከመንገድ ላይ ተልፈስፍሶ አገኙት። ሽታውም የማር አልነበረም። «መምህር፣ ስለቴን አስገባሁ ልበል ወይስ ዕዳ አለብኝ?» ብለው ጠየቁን። «እማማ፣ እርስዎ በእምነት አስገብተዋል፤ ዕዳ ያለበት የሸጠልዎት ሰው ነው» አልናቸው። ሆኖም ኀዘናቸው ከልባችን አልወጣም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 27 ለመቅረዙ ንጹሕ የወይራ ዘይት እንዲቀርብ መታዘዙን የሚያውቅ ሰው፣ ሞራና ፓራፊን ቀላቅሎ የንብ ሰም ነው ብሎ ሊሸጥ እንዴት ይደፍራል?

ስለዚህ የሚገዛ ሁሉ ይመርምር። ንጹሕ ሰም የማር ሽታ አለው። ቀዝቅዞ ሲሰበር ስብራቱ ሻካራ ነው፤ በጣት ሲታሽ እንደ ሊጥ ይለዝባል። ፓራፊን ግን ያንሸራትታል፤ ብርሃንም በመጠኑ ያሳልፋል። በቀለም ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ቢጫ ቀለም ይጨመራልና። ዐቅሙ ያነሰ ሰው ብዙ የተቀላቀለ ከሚገዛ ጥቂት ንጹሕ ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ አንዲት ጧፍም መባ ናት።

ንቡ ከጠፋ ደግሞ ሰሙም ይጠፋል። በሸዋ ሮቢት መስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ወንድሞቻችን ፀረ ተባይ መርጨት ግድ ቢሆንባቸው፣ ንብ ከአበባ ላይ በተነሣችበት በምሽት ሰዓት ይርጩ፤ ጎረቤት ቀፎ ያለውንም አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

በመጨረሻም፣ በትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ተጨናንቆ ጧፍ ሲያበራ የነጠላ ጫፍ በቶሎ ይያያዛል። እናቶች ነጠላቸውን ይሰብስቡ፤ ሕፃን ጧፍ ሲይዝ ታላቁ እጁን ይያዝለት። በቤትም በርቶ የተተወ ጧፍ አይደር። የምናበራው ብርሃን እውነተኛ እንዲሆን፣ ሰሙም ሚዛኑም እውነተኛ ይሁን።