የዝናብ ሶላት ከመስገዳችን በፊት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዝናብ ሲጠፋ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ ያስታውቃል፤ ሕዝቡ ሜዳ ይወጣል፤ ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፤ ኢማሙ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ተከትሎ ኩታውን ይገለብጣል፤ እጅ ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ከዚያ ደመና ደመናውን እያየን ወደየቤታችን እንገባለን።

የፊቅህ ኪታቦቹ ግን ከሶላቱ በፊት ያለውንም አስረዝመው ነው የሚጽፉት። በሻፊዒዮች ዘንድ ኢማሙ ሕዝቡን ሦስት ቀን ያስጾማል፤ ወደ ሜዳ የሚወጣው በአራተኛው ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ተውባ ይደረጋል፣ ሰደቃ ይወጣል፣ የተጣላ ይታረቃል። በደልም ይመለሳል፦ የሰው ገንዘብ የበላ፣ ድንበር የገፋ፣ የሠራተኛ ደሞዝ የያዘ ሰው ሐቁን ለባለቤቱ ሳይመልስ እንዳይወጣ ይመከራል። የሚለበሰው የዒድ ልብስ ሳይሆን የሥራ ልብስ ነው። አዛውንቱም ሕፃኑም ይወጣል፤ ከብቱም አብሮ ይውጣ ያሉ ዑለሞች አሉ። (ኢማም አቡ ሐኒፋ ዋናው ዱዓና ኢስቲግፋር ነው፣ በጀመዓ መስገዱ ሱና አይደለም ብለዋል። ኺላፉን ለደረሶች ልተወውና፣ ተውባው ላይ ግን የተለየ መዝሀብ የለም።)

ወሎ ውስጥ ዱዓ የተቀመጡ ሽማግሌዎች «የተጣላ ካለ መጀመሪያ ይታረቅ» ሲሉ የሰማ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ኪታብ ያልቀሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። እኛ ደርሰናል የምንለው ነን የዘለልነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በጎረቤት ሶማሊያና ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ጉ የሚባለው ዝናብ ሲቀር አርብቶ አደሩ ደይር የሚባለውን ጠበቀ፤ ደይርም ቀረ። ከብቱ በሚሊዮን አለቀ። በ2023 ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ድርቁን መርምሮ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው ተናገረ። ዝናቡ ብቻ አልነበረም የጎደለው፤ የጋለው አየር በመሬት ውስጥ የቀረችውንም እርጥበት እየመጠጠ ወሰዳት።

ይህን ሳወራ «ወንድሜ፣ ቀደር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ቀደር ነው። ሌባ ቤትህን ሲሰብርም ቀደር ነው፤ ግን ፖሊስ ትጠራለህ። ሱረቱ ሩም ላይ በየብስና በባሕር የተገለጠው ፈሳድ የሰው እጅ የሠራው እንደሆነ በግልጽ ተነግሮናል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ የማን እጅ ነው የሚለው ነው። በደል ይመለስ ከተባለ በዳዩ መታወቅ አለበት።

አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ የቶን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። የቀጠር ነዋሪ ድርሻ ከ30 ቶን ይበልጣል። አሜሪካና አውሮፓ ከእነርሱም በፊት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲያጨሱ የኖሩ ናቸው፤ ትልቁ ዕዳ የእነርሱ ነው፣ ይህ አያከራክርም። እኛ ሙስሊሞች ግን ጣታችንን ወደ ምዕራብ ብቻ መቀሰር ስለሚቀናን የራሳችንን ቤት ዘለን እናልፋለን። ከዓለም ታላላቅ ነዳጅ ሻጮች ብዙዎቹ ቂብላ የሚጋሩን ናቸው። በ2015 ኢስታንቡል ላይ የተሰበሰቡ ሙስሊም ምሁራን ያወጡት የአየር ንብረት መግለጫ ይህን አልሸሸገም፤ ሀብታም አገሮችና ነዳጅ አምራቾች ልቀታቸውን ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ሳያልፍ በማቆም ቀዳሚ እንዲሆኑ ጠየቀ። መግለጫውን በኹጥባ ሲጠቀስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለጌጥ ይነሳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ያደረጉት ተጽፏል፣ ቡኻሪ ላይ አለ። ሒማ የሚባል ነበር፤ ግጦሹ ለሕዝብ ጥቅም የተከለለ መሬት። ዑመር ሁነይ የሚባል ነጻ የወጣ አገልጋያቸውን በሒማው ላይ ሾሙትና መመሪያ ሰጡት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባው አሉት። የዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ከልክል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም በጀነት የተበሰሩ ሰሓባዎች ናቸው፤ አጥፍተው አይደለም የተከለከሉት። ምክንያቱ ስሌት ነው፦ የእነርሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን አስከትሎ ደጄ ይቆማል፣ ያኔ ከሣር ይልቅ ወርቅና ብር ነው የምሰጠው፣ ስለዚህ ሣሩ ይቀለኛል አሉ። የተበደለን ሰው ዱዓ እንዲጠነቀቅም አዘዙት፤ ተቀባይነት አላትና።

ዛሬ አገሮች በየአየር ንብረት ጉባኤው የሚጨቃጨቁበት ነገር ይኸው ነው። ከባቢ አየሩ ሒማ ሆኗል፤ ትልልቆቹ መንጎች ግጠውት ጨርሰዋል፤ ፍየሏ ያለቀችባት የጎዴ እናት ደጅ ቆማለች። በ2022 ሻርም አልሼኽ ላይ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ በዓመቱ ዱባይ ላይ ሥራ አስጀመሩት፤ ኤምሬትስም 100 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባች። ጥሩ ጅምር ነው፣ አላናንቅም። የዚያ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ግን የአቡዳቢ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ አለቃም ነበሩ። ሌላም ነገር ይቆረቁረኛል፤ ገንዘቡ ሲሰጥ የእርዳታ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። የበላውን ሐቅ የሚመልስ ሰው «ሰደቃ ሰጠሁ» አይልም፤ ቢልም ፊቅሁ አይቀበለውም።

በደሉ ወደ ቤተ አላህም ደርሷል። በ2024ቱ ሐጅ ሰኔ ላይ የመካ ሙቀት 51.8 ዲግሪ ገባ። ሳዑዲ ያመነችው የሟች ቁጥር 1,301 ነው። ከመካከላቸው 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው ነበሩ፤ ማለትም ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳንና አውቶቡስ ያልደረሳቸው፣ በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው የተጓዙ። አላህ ይማራቸው። ያለ ፈቃድ ለምን ሄዱ ማለት ቀላል ነው፤ የሕጋዊውን ጥቅል ዋጋ ግን የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኛስ? ድርሻችን ትንሽ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመስጊዱ ቧንቧው እንደተከፈተ ወሬ ስናወራ የሚፈሰውን አስቡት። ችግኝ ላይ ደግሞ ጎበዞች ሆነናል፤ ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ያለውን ችግኝ እንዲተክል የታዘዘ ኡማ ነን እያልን ፎቶ እንነሳለን። ተክሎ መሄድ ግን መትከል አይደለም። በበጋ ማን ያጠጣዋል? ከፍየል ማን ይጠብቀዋል? አባቶቻችን ለዚህ ወቅፍ የሚባል መፍትሔ ነበራቸው። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሙ ሲሰጡ ጉድጓዱ ከእሳቸው ዘመን አልፎ እንዲያገለግል ነው። የወሎና የባሌ የዚያራ ቦታዎችን ያየ ሰው ዙሪያው ሲራቆት እዚያ ትልልቅ ዛፎች ቆመው ያገኛል፤ መጥረቢያ የሚያነሳ ስለሌለ።

በሪያድ፣ በጅዳና በዱባይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ለአገራችሁ የምትልኩት ዘካና ሰደቃ ብዙ ቤት አቁሟል። የዘካን ኒሳብ አስታውሱ፦ 40 ፍየል ወይም በግ፣ 30 ከብት፣ 5 ግመል። ቀድሞ በእነዚህ ላይ ዘካ ያወጣ የነበረ አርብቶ አደር ከድርቁ በኋላ ራሱ ዘካ ተቀባይ ሆኗል። ልመና ስለማያውቅ ስሙ በየመስጊዱ በሚያዘው የምስኪኖች ዝርዝር ላይ የለም። እሱን የሚያውቀው የቀበሌው ኢማም ነውና ኢማሙን ጠይቁ።

ጉድጓድ የምታስቆፍሩም ብዙ ናችሁ፣ አላህ ይቀበላችሁ። ሰደቀቱል ጃሪያ የምትሆነው ግን ውሃው እስከፈሰሰ ነው። ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ቢቆም መለዋወጫ የሚገዛው ማን ነው? ሞተሩ በናፍጣ ከሆነ ናፍጣውን ማን ይከፍላል? ለሶላር ፓነሉስ ጠባቂ ተቀጥሯል? ከመቆፈሪያው ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ ለጥገና የሚሆን ወቅፍ፣ አንዲት ኪራይ የምታስገባ ሱቅም ብትሆን፣ አብራችሁ አቋቁሙ። ይህን ያደረገ ጀመዓ የሚያውቅ ካለ አሠራሩን ኮሜንት ላይ ይጻፍልን፤ ወረቀቱ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ሱቁ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚያይ።