ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ይህን ያልሰማ የለም። እኛም ከእናቶቻችን ሰምተነዋል። ልጅ ሲወለድ፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ ተስፋ እንዳይቆረጥ የተባለ መልካም ቃል ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። አንድ ሕፃን በመናኸሪያ ሲያድር አይተን እንድናልፍ የሚፈቅድልን ይኸው ቃል ሆኗል። ዕድሉ ነዋ!

ለዕረፍት ወደ አዊ የምንመለስ ተማሪዎች የምናየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጅባራን አሮጌዎቹ ዛሬም ኮሶበር ነው የሚሏት። አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም በመስኮቱ ሥር ቅቅል ድንችና ቆሎ ይዘው የሚሻሙት ልጆች ናቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እግራቸው ባዶ ነው። አንዱን «ትምህርትስ?» ብንለው፣ «ቆሎው ሲያልቅ» አለን። ቆሎ ደግሞ መቼ አልቆ ያውቃል? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ስላዘጋ፣ ቆሎው ቢያልቅም የሚኬድበት የጠፋባቸው ሞልተዋል።

እነዚህ እንኳ የሚታዩት ናቸው። የማይታዩት ይብሳሉ። ከገጠር ቀበሌ «ከተማ ገብታ ትማራለች» ተብላ ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ባሕር ዳር የምትላክ የዘመድ ልጅ አለች። ጧት ውኃ ትቀዳለች፤ ቀን ሕፃን ታዝላለች፤ ማታ እግር ታጥባለች። ደመወዟ «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚል ቃል ነው። ሕጉስ? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ያው አዋጅ በሰው ቤት የሚደረገውን የግል አገልግሎት አይመለከትም። እንግዲህ ይህች ልጅ ለሕጉ ሠራተኛ አይደለችም፤ ለቤቱም ልጅ አይደለችም። ታዲያ የማን ናት?

ሕግ አጥተን እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ን ለሕፃናት ሰጥቷል፤ ወላጅ ላጡትም ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ ይላል። ያለዕድሜ ጋብቻ ወንጀል ነው። በ2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መሄዳቸው በሕግ ሲቀር፣ «እዚሁ እናሳድጋቸው» ማለታችን ነበር። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከወረቀቱ እስከ ልጅቱ ደጅ ያለውን መንገድ፣ በጭቃ፣ በክረምት፣ በእግሩ የሚሄደው ማን ነው?

ያ ሰው ማኅበራዊ ሠራተኛ ይባላል። ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ በዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል! ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ ኤድስም ልጆችን ወላጅ አልባ ሲያደርጉ ባለሙያ የሚወጣበት በር ዝግ ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት የተፍጨረጨሩት እንደ ወይዘሮ አበበች ጎበና ያሉ ሰዎች ናቸው። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ረኀብ የጎዳቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እኚህ እናት፣ ኋላ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። ነፍሳቸውን ይማር። ደግነት ግን በየወረዳው አይመደብም። የሚመደበው ባለሙያ ነው።

የተመደበውስ እንዴት ይኖራል? በአንድ ወረዳ የሕፃናትን ጉዳይ የያዘች እኅት አነጋግረን ነበር። ፋይሎቿ ከመደርደሪያው ተርፈው መሬት ላይ ተደርድረዋል። ወደ ቀበሌ ስትወጣ የባጃጁን ከኪሷ ትከፍላለች። «አንድ ቀን ፖሊስ አንዲት ልጅ አመጣልኝ» አለችን። «አገውኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም። እኔ ደግሞ የሌላ አገር ሰው ነኝ። አስተርጓሚ ብፈልግ የተገኘው ዘበኛው ነው። ምስጢሯን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። አንገቷን ደፍታ ቀረች።» ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች፤ «እኔስ የሰማሁትን ለማን ልንገር? ቤቴ ይዤው እገባለሁ፤ ከእኔ ጋር ያድራል።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ልጅቱን መርዳት ማለት መጀመሪያ ይህችን ሴት መርዳት ነው። የደከመ ሰው ደካማ አያነሣም። የምትጠይቀውም የሚገርም አይደለም፦ የመንገድ ወጪ፣ ሥራ የሚጋራት ጓደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣትና የሚመክራት ነባር ባለሙያ፣ አገውኛ የሚያውቅ ሰው። አይቻልም የሚለን ካለ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው የለም ወይ? ለክትባቱ የተቻለው ለልጁ ዕንባ ለምን ያቅታል?

የመንግሥት እጅ ብቻ አይበቃም። አገራችን መደራጀት ታውቃለች። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለን፤ ጥር 23 ቀን የሚወጣውን ፈረስና ሽልማቱን ያየ ያውቀዋል። ዕድሩ ሬሳ ሳይቀበር አያድርም። ለሞተው እንዲህ የሚነሣ ሕዝብ፣ ሟቹ ትቶት የሄደውን ልጅ በመዝገቡ ቢይዝ ምን ያህል ይከብደዋል? ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ቢያግዘውስ? ያ ወረቀት ከሌለ የአሥራ ሦስት ዓመቷን ልጅ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሎ ለሚድራት ማን ይከራከረዋል?

ጓዶቻችን፣ ከእኛም መካከል ሶሲዮሎጂና ማኅበራዊ ሥራ የምናጠና አለን። ስንመረቅ ዓይናችን አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በድርጅት መኪና የሚያስኬድ ሥራ ላይ ነው። ማንንም አንወቅስም፤ እንጀራ ነው። ግን እናቱ የነገረችውን ቋንቋ ያልረሳ የአዊ ልጅ ያንን የወረዳ ወንበር ካልያዘው፣ የሚቀጥለውንም ምስጢር የሚሰማው ዘበኛው ነው። ዕድል ከሰማይ ብቻ አይወርድም። አንዳንድ ጊዜ ከዳንግላ ተነሥቶ በእግሩ ይመጣል፤ በሩን አንኳኩቶም በአገውኛ «እንደምን ዋልሽ?» ይላል።