ስልካችንም አማና ነው



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ስህተት ነው። መጀመሪያ ዝም ብለን ልናልፈው አስበን ነበር። የሰውን ነውር መሸፈን ያስመነዳል፤ የራስን ስህተት ደብቆ ሌላው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እንናገራለን።

መስጂዳችን የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የደርስ ሰዓት፣ የጀናዛ መልእክት፣ የሰደቃ ጥሪ የሚተላለፈው በእሱ ነው። ኢማማችን በእድሜ የገፉ ስለሆኑ ከስልክ ጋር ብዙም አይግባቡም። ግሩፑን የምንይዘው እኛ ረዳታቸው ነን። ባለፈው ረመዳን ለየቲሞች የዒድ ልብስ መግዣ ገንዘብ እየተሰበሰበ ነበር።

አንድ ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ከምናውቀው ወንድም መልእክት መጣልን። «የእህቴ ልጅ በቁርኣን ውድድር ለመጨረሻው ዙር ደርሳለች፤ ድምፅ ስጡልን፣ ባረከላሁ ፊኩም» ይላል። ሂጃብ የለበሰች ትንሽ ልጅ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ ሊንክ። ነካነው። ገጹ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ተከፈተና «ድምፅ ለመስጠት በቴሌግራም ይግቡ» አለን። ስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ ሰጠን። ከቴሌግራም ኮድ መጣ። ከኮዱ ሥር ለማንም እንዳንሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ዐይናችን ዘለለው። ኮዱን አስገባን። «እናመሰግናለን» የሚል ወጣ። ለዲን አንድ መልካም ነገር የሠራን መስሎን ተኛን።

ለሱሑር የቀሰቀሰን የስልክ ጥሪ ነው። መስጂዳችን የሚሰግድ፣ ስልክ በመጠገን የሚተዳደር ወጣት ነበር። «ኡስታዝ፣ የየቲሞቹን አካውንት ቀየራችሁ እንዴ?» አለን። ግሩፑን ስንከፍት በእኛ ስምና በእኛ ፎቶ እንዲህ ተለጥፏል፦ «የበፊቱ አካውንት ችግር ገጥሞታል፤ ከአሁን ጀምሮ በዚህ ቁጥር ላኩ።» እኛ በተኛንበት አራት ሰዎች ልከዋል። አንዷ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ የሚሸጡ እናታችን ናቸው። 500 ብር ልከዋል።

ወጣቱ በስልክ እየመራን ሴቲንግ ውስጥ ገብተን «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፈትን። የእኛ ያልሆነ ስልክ በአካውንታችን ገብቶ ተቀምጧል። አስወጣነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ 24 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። እኛን ያዳነን፣ ከአላህ ራሕመት በኋላ፣ ይህ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሳንነቃ ቀርተን ቢሆን ኖሮ ሌባው እኛን ከገዛ ስማችን ያስወጣን ነበር። ሊንኩን «የላከልን» ወንድምም ምንም አያውቅም፤ የእሱም አካውንት በዚያው መንገድ ተወስዶበት ነበር።

ከሱብሒ በኋላ ለጀማዓው ተናገርን። ገንዘቡን ከራሳችን ተካን። ለእናታችን 500 ብራቸውን ስንመልስ አልቀበልም አሉ። «ለየቲሞቹ ጨምሩት። ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ድምፃችሁን ሳልሰማ አልልክም» አሉን።

ያቺ ቃል ከገንዘቡ በላይ ከበደችን። እኚህ እናት 500 ብር የላኩት ለማያውቁት ቁጥር አልነበረም። ለመስጂዱ ስም ነው የላኩት። ያ ስም ደግሞ በእኛ ስልክ ውስጥ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ እስኪ በደንብ እናስተውል። ያ ሊንክ የቁማር ቢሆን ኖሮ አንነካውም ነበር። የራቁት ምስል ቢሆን አዑዙ ቢላህ ብለን እናጠፋው ነበር። የነካነው ቁርኣን የሚል ስም ስለነበረበት ነው። በሱረቱል ሑጁራት አላህ ወሬ ይዞ የመጣን ፋሲቅ እንድናጣራ እንዳዘዘን ለእናንተው ደርስ ሰጥተንበታል። ማጣራት ያለብን ግን የጥሉንና የሐሜቱን ወሬ ብቻ ይመስለን ነበር። ኢስላማዊ መልክ ያለው ነገር ሲመጣ ጥበቃችን ይላላል፤ አታላይ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ይህ በእኛ ሰፈር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። የሰላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ታዋቂው «ሙስሊም ፕሮ» አፕ የተጠቃሚዎቹን ያሉበትን ቦታ ኤክስ ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ይሰጥ እንደነበር፣ ያ ድርጅት ከተለያዩ አፖች የሰበሰበውን መረጃ ለሚገዙት ከሚሸጥላቸው መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንደነበሩ ገለጸ። አፑ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ ነበር። ሙስሊም ፕሮ ወዲያው ከኤክስ ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። በጥር 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያ ድርጅትና ተተኪው ሰዎች ወደ አምልኮ ቦታ መሄዳቸውን የሚያሳይና ይህን የመሰለ ሚስጥራዊ የቦታ መረጃ እንዳይሸጡ አገደ። ሰዎቹ የፈለጉት የዙህርን ሰዓት ማወቅ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ የአረብ ገጠሬ ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ሲል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር እንደነገሩት እናውቃለን። የስልካችንን ግመል የምናስርባቸውን ነገሮች እንቁጠር።

አንደኛ፦ ብሮውዘራችሁን ምረጡ። ኢንተርኔት የምናይበት በር እሱ ነው። ክሮም ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ ባለቤቱ ጉግል ግን የሚኖረው ከማስታወቂያ ስለሆነ ስለ እናንተ ብዙ ያውቃል። ፋየርፎክስ ከጀርባው ለትርፍ ያልቆመ የሞዚላ ፋውንዴሽን አለ፤ በአንድሮይድ ላይም «ዩብሎክ ኦሪጅን» የተባለውን የማስታወቂያ ማገጃ መጨመር ይቻላል። ብሬቭ የሚከታተሉ ማስታወቂያዎችን ገና ሲጫን ጀምሮ ያግዳል። አይፎን ያለው ሳፋሪ ይበቃዋል። ከእነዚህ የትኛውም ይሁን፤ ዋናው ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር መውረዱና አፕዴት መደረጉ ነው። አፕዴት ማለት ሌባ ያወቀው ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው። በቴሌግራም ቻናል ከሚታደል ኤፒኬ ግን ራቁ።

ማስታወቂያ ማገድን ቀላል ነገር አታድርጉት። ዐይናችንን እንድንሰብር ታዘናል። ሐዲስ ልናነብ በገባንበት ገጽ ጎን የቁማርና የራቁት ምስል ብቅ እንዳይል ማድረግ በእጃችን ከሆነ ለምን እንተወዋለን?

ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ። በከፍተኛው የቁጠባ ዘዴው ገጹ በኦፔራ ሰርቨር በኩል ተጨምቆ ነው የሚመጣላችሁ። ለዜና ይሁን፤ ፓስወርድና ገንዘብ ግን በዚያ አታሳልፉ። በነፃ የሚሰጥ ቪፒኤንም እንደዚሁ ነው። የምታዩት ሁሉ በባለቤቱ እጅ ያልፋል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትመኑት።

ሁለተኛ፦ አድራሻውን አንብቡ። ብዙዎቻችን ከአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ካየን «ገጹ ታማኝ ነው» እንላለን። ምልክቱ የሚናገረው በስልካችሁና በገጹ መካከል ያለው መንገድ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው። የታሸገ ደብዳቤ በመንገድ ላይ ማንም አላነበበውም ማለት ነው እንጂ ጸሐፊው ቅን ሰው ነው ማለት አይደለም። ይህን ማሸጊያ ዛሬ ማንም በነፃ ያገኛል፤ ሌባም ጭምር። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ምልክት በሌላ የተካው ሰው እንዲህ እየተረዳው ስለተቸገረ ነው።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ከመነሻው ሁለት ጭረቶች በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ጭረት ፈልጉ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ቁርኣን እንደምንቀራው፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። የባለቤቱ ስም እዚያ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ እንደ አገራችን አድራሻዎች በ«ኮም ነጥብ ኢቲ» ካለቀ ደግሞ ሦስት። «ቴሌግራም ነጥብ ኦርግ» የቴሌግራም ነው። «ቴሌግራም ነጥብ ድምፅስጡ ነጥብ ኮም» ግን የ«ድምፅስጡ» ነው፤ ቴሌግራም የሚለው ቃል ለማስመሰል የተለጠፈ ነው። እኛ ይህን አላየንም፤ ገጹ ቴሌግራም ውስጥ ስለተከፈተ የራሱ የቴሌግራም መስሎን አድራሻውን ለማየት አልሞከርንም። አሁን ከሴቲንግ ውስጥ ሊንኮች በብሮውዘራችን እንዲከፈቱ አድርገናል።

ፓስወርዳችሁን ብሮውዘሩ እንዲይዝላችሁ ብታደርጉም ይረዳችኋል። እሱ የሚሞላው በትክክለኛው አድራሻ ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚሞላው ዛሬ ካልሞላ ቁሙና አድራሻውን እዩ።

ሦስተኛ፦ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ይህ በርቶ ቢሆን ኖሮ ሌባው ኮዱን ይዞም ተጨማሪ ፓስወርድ ይጠየቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያንንም ፓስወርድ ለሊንክ አትስጡ።

አራተኛ፦ «ፍቀድ» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትንኩ። ብሮውዘር «ይህ ገጽ መልእክት ይላክልህ?» ሲል እሺ ያለ ሰው ነው ሌት ተቀን የቁማር ማስታወቂያ የሚዘንብበት። አፕ ያላችሁበትን ቦታ ሲጠይቅም ለሥራው ያስፈልገው እንደሆነ አስቡ። ለሰላት ሰዓት የከተማችሁን ስም መርጦ ማስገባት ይበቃል።

አምስተኛ፦ ኢንኮግኒቶ የሚባለው አይሸፍናችሁም። የሚሰርዘው ስልኩ ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው። የገባችሁበት ገጽም ኔትወርኩን የሚሰጠው ድርጅትም ያያሉ። ጉግል ራሱ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ከሁሉ በላይ የሚያየውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ረመዳን ወዲህ መስጂዳችን ደንብ አውጥቷል። የሰደቃ አካውንት ቁጥር የሚቀየረው ኢማማችን ከጁሙዓ በኋላ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ብቻ ነው፤ በግሩፕ የመጣ ለውጥ ሁሉ ውሸት ነው። ያ ወጣት ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ይቀመጥና የአባቶችንና የእናቶችን ስልክ ያስተካክላል። አላህ ይቀበለው።

እናንተ ወጣቶችም ይህን ጽሑፍ ለራሳችሁ ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። የእናታችሁን ስልክ ዛሬ ማታ ተቀበሉ። «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና የማይታወቅ ስልክ ካለ አስወጡ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩላቸው። ፓስወርዱን እሳቸው በሚያስታውሱት አድርጉት።

እናታችን አሁንም ለየቲሞች ይልካሉ። ከመላካቸው በፊት ግን ይደውሉልናል። «እናንተ ናችሁ?» ይላሉ። «እኛ ነን» እንላለን። በደወሉ ቁጥር እናፍራለን፤ በደወሉ ቁጥርም ደስ ይለናል።

አላህ ስማችንንም፣ ስልካችንንም፣ የተጣለብንን አማናም ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።