ካሜራ ሕልም ያያልን?

ፎቶግራፍ ምስክር ነው ይባላል። በመታወቂያ ላይ የሚለጠፈው፥ በሰርግና በምረቃ ቀን የምንነሣው፥ በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአያት የቅድመ አያት ምስል ሁሉ «እንዲህ ነበርን» ብሎ ይመሰክራል። ሕልም ግን በአገራችን ከምስክር ወገን አይቈጠርም። ክፉ ሕልም ያየ ሰው «ሕልም እልም» ብሎ ይተወዋል፤ ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ደግሞ አልተውልህ ብሎት ቀኑን ሙሉ ስለ ዘመዶቹ ሲሠጋ ይውላል። እንግዲህ ምስክሩንና ሕልሙን በአንድ ወረቀት ላይ ማኖር ይቻላልን? ቢቻልስ የሐሰት ምስክር ማቆም አይሆንብንምን? እኛ አራት የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች በዚህ ዓመት በዕረፍት ቀናችን ስንመረምር የከረምነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሱሪያሊዝም የተባለው የኪነ ጥበብ መንገድ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አንድሬ ብረቶን በ1924 መግለጫውን በፓሪስ ባሳተመ ጊዜ ነው። የመግለጫው ዋና ሐሳብ ሕልምና እውን እንደ ተጣላ ጎረቤት ተለያይተው መኖራቸው ቀርቶ፥ ሁለቱ የሚዋሐዱበት ከፍ ያለ እውነት አለ የሚል ነው። ሠዓሊዎች ይህን ሐሳብ በየፊናቸው ያዙት። ሳልቫዶር ዳሊ በ1931 የኪስ ሰዓቶችን እንደሚቀልጥ ሰም አለስልሶ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይና በጠርዝ ላይ አንጠለጠላቸው። የቤልጅጉ ሠዓሊ ሬኔ ማግሪት በ1929 አንድ ፒፓ ሥሎ ከሥሩ ፒፓ አለመሆኑን ጻፈበት፤ በ1953 ደግሞ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎችን እንደ ዝናብ በሰማይ ላይ በተናቸው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ፍጹም እንግዳ ሊሆን አይገባም። ባለቅኔ በአንድ ቃል ውስጥ ሰሙንና ወርቁን አብሮ ያኖራል፤ ሰሚው በመጀመሪያ ሰሙን ይዞ ይሄዳል፥ ቈይቶም ወርቁ ሲገለጥለት ቃሉን እንደ አዲስ ይሰማዋል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ፓሪስ ሳለ የሱሪያሊስቶችን ሥራ ካየ በኋላ ከአገሩ የብራና ሥዕልና ከጠልሰም ጋር አዛምዶ የራሱን መንገድ አወጣ፤ ከ1966 እስከ 1969ም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ።

ነገር ግን ብሩሽና ካሜራ አንድ አይደሉም። ሠዓሊ ሰውን በሰማይ ላይ ቢያቆም የሚከለክለው የለም፤ ካሜራ ግን በፊቱ የሌለውን አያነሣም። ችግሩም ደስታውም ከዚህ ላይ ነው። ማን ሬይ የተባለው አሜሪካዊ በ1922 በፓሪስ ካሜራውን ጭራሽ ትቶ፥ ዕቃዎችን በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ እያስቀመጠና ብርሃን እያሳየ ጥላቸውን ብቻ አስቀረ። ፊሊፕ ሃልስማን ደግሞ በ1948 ዳሊን በአየር ላይ እንዳለ ሊያነሣ በፈለገ ጊዜ የሥዕል ማቆሚያውን በሽቦ ሰቀለ፥ ወንበር በእጅ አስያዘ፤ ረዳቶቹ ሦስት ድመቶችና አንድ ባልዲ ውሃ ሲወረውሩ ዳሊ ይዘል ነበር። ያሰበውን እስኪያገኝ ድረስ 28 ጊዜ ተሞከረ ይባላል። በየሙከራው መካከል ድመቶቹ ይያዛሉ፥ ወለሉም ይወለወላል። ያንን ፎቶግራፍ የሚያየው ሰው ሕልም ነው ይላል፤ ውሃው ግን እውነተኛ ውሃ፥ ዝላዩም እውነተኛ ዝላይ ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ከመካከላችን የአንዱ አያት ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩበት ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰ። እማማ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ለሻጭ አልሰጥም ብለው ይዘውት የሄዱት ዕቃ ቢኖር የቤቱ የእንጨት በር ነው። ዛሬ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ልብስም ይሰጣበታል። ቤቱን ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው ግን የለም። በሰርግና በጥምቀት በፊቱ የተነሡ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ቤቱ ከጀርባቸው በቁራጭ ብቻ ይታያል፥ እዚህ አንድ መስኮት፥ እዚያ የጣራ ጫፍ። ስለዚህ የሌለውን ቤት ለማንሣት ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነብን።

ማግሪት ደጋግሞ ከሠራቸው ሥዕሎች መካከል «የብርሃን ግዛት» የተባሉት አሉ፤ ሰማዩ የቀን ሰማይ ነው፥ ከሥሩ ያለው ቤት ግን መብራት የበራበት የሌሊት ቤት ነው። እኛም ይህን በበሩ ልንሞክረው ተስማማን። በሩን በጭነት መኪና ከከተማው ወጣ ወዳለ መስክ ወሰድነው፤ በድንጋይና በእንጨት ደግፈን አቆምነው፤ ሁለታችን ከጀርባው ተቀምጠን ያዝነው። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ መጥቶ ቤቱ መቼ እንደሚሠራ ጠየቀን።

አሠራሩ ይህ ነው። ከዘመድ የተዋስነውን የፊልም ካሜራ በሦስት እግሩ ላይ አቆምነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የመስታወቱን የታችኛውን እኩሌታ በጥቁር ካርቶን ከልለን ሰማዩን ብቻ አነሣን። ፊልሙን ሳናሳልፍ፥ ካሜራውንም ሳንነካ፥ እስኪጨልም ጠበቅን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን በበሩ ሥር ፋኖስ አበራን፤ አሁን የላይኛውን እኩሌታ ከልለን በዚያው ፊልም ላይ ለሃያ ሴኮንድ ያህል ከፈትንለት። ይህ መጽሔት በማባዣ የሚወጣ ስለ ሆነ ሥዕሉን ልናሳያችሁ አንችልም። በቃል እንግለጸው፦ ደመና የተበተነበት ብሩህ ሰማይ፥ ከሥሩ ጥቁር መስክ፥ በመካከሉም ፋኖስ የበራለት የተዘጋ በር።

ታጥቦ ሲወጣ ለእማማ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። መጀመሪያ የጠየቁት «ከኋላ ማን ይዞላችሁ ነው?» ብለው ነው። ቈይተው ደግሞ፥ «ልጆቼ፥ ቤት የሌለው በር ምን ይዘጋል? ክፈቱት እንጂ» አሉ። በሳምንቱ በሩን እንደገና ጭነን ሄድን፥ ከፍተንም አነሣነው። በተከፈተው በር ውስጥ የሚታየው ያው መስክና ያው ሰማይ ነው። እማማ ይህን ሁለተኛውን ከራስጌያቸው ሰቅለውታል።

ይህን ሁሉ ለምን ታደርጋላችሁ፥ ዛሬ ኮምፒዩተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ሺህ በር በሺህ መስክ ላይ ያቆምላችሁ የለምን፥ ያሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፥ ያቆማል። ያ በር ግን ማንም ያላንኳኳው በር ነው። የእኛ በር የተላጠው ቀለሙ፥ የተጣመመው ማጠፊያው፥ ልጆች ቁመታቸውን የለኩበት ጭረቱ ከነመቈጨቱ አለ፤ ካሜራው ለእነዚህ መስክሯል። ሐሰት የሚሆነው አሠራሩን ሸሽጎ «ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው» ማለት ነው፤ እኛ ግን ከፎቶግራፉ ሥር ሁለት ጊዜ የተነሣ መሆኑን ጽፈንበታል። አይዳ ሙሉነህም በ2018 በዳሎል ምድረ በዳ ስለ ውሃ እጦት ባነሣቻቸው ፎቶግራፎች ላይ ሴቶቹን በደማቅ ቀለም አልብሳ እንደ ሕልም አቆመቻቸው፤ የሚያየው ሰው ግን ጥማቱን አይስተውም።

ስለዚህ መሞከር ለሚሻ የማኅበራችን አባል የምንመክረው ይህን ነው። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ በስልክም ይሠራል፤ የማይነቃነቅ ማቆሚያ፥ ጥቁር ካርቶንና ጊዜ ይበቃል። ከሌሎች ሥዕል የቀለጠ ሰዓትና ባርኔጣ አይዋስ። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የትኛውን ለመጣል እጁ እንደማይታዘዝለት ራሱን ይጠይቅ፤ ያንን ተሸክሞ ይውጣ፥ የማይገባውም ቦታ ላይ አቁሞ ያንሣው።