ዕድሜዋን የደበቀች ዜማ

አክስቴ ቴሌቪዥን አታይም፤ ትሰማለች። ዓይኗ ሰፌዱ ላይ ነው፣ ምስር ትለቅማለች፤ ጆሮዋ ግን ከእኛ ጋር ነው። አንድ ማታ «አውትላንደር» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ስንከፍት፣ የመግቢያው ዘፈን ገና እንደጀመረ፣ ቀና ሳትል «ፈረንጅም ትዝታ ይዘፍናል እንዴ?» አለች።

ሳቅን። በኋላ ክራሬን አውርጄ ስሞክረው ግን ሳቄ ጠፋ። ዜማው የሚመላለሰው በአምስት ድምፅ ነው፤ አምስቱም የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። ዘፈኑ የስኮትላንድ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ዜማ ሰርቆ ሄደ ብዬ ግን ሐሜት አልጀምርም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ድራማው አንዲት ነርስ ከ1945 ተነጥቃ 1743 ስኮትላንድ ውስጥ ስትወድቅ ይጀምራል። አቀናባሪው ቤር ማክሬሪ ለመግቢያ የመረጠው የስካይ ደሴትን የጀልባ ዘፈን ነው፤ ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት በ1746 በኩሎደን ውጊያ ድል ከተመታ በኋላ፣ የገረድ ቀሚስ ለብሶ ከረዳችው ሴት ከፍሎራ ማክዶናልድ ጋር በጀልባ ያመለጠበትን ታሪክ የሚያነሳውን። የዚያው ዘመን ዘፈን ይመስላል አይደል? እኔም ተሸውጄ ነበር። ዜማውን አን ማክሊዮድ የተባለች ሴት በ1870ዎቹ ስካይ ላይ ከቀዛፊዎች አፍ ሰምታ ያዘችው፤ ሃሮልድ ቦልተን ግጥም ጻፈለትና በ1884 ታተመ። ከአድዋ የሚቀድመው በ12 ዓመት ብቻ ነው! ድራማው ላይ የምንሰማው ግጥም ደግሞ የሮበርት ልዊስ ስቲቨንሰን ነው። ማክሬሪ «ልጁ» የሚለውን «ልጅቷ» አደረገው፤ የጠፋችው ነርሷ ናትና።

አጭበርብሯል የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ለትክክለኛነት ብሎ ትልቁን የስኮትላንድ ባግፓይፕ ብቻ ይዞ ቢቀመጥ ምን ይሠራበታል? ዘጠኝ ድምፅ ነው ያለው፤ አንዴ ከተነፋ ዝቅ አድርገው ቢሉት አይሰማም፣ ከሥሩም ያ የማያቋርጥ ጉምጉምታ አለ። ሁለት ሰዎች በሚንሾካሾኩበት ትዕይንት ሥር እሱን ማስገባት ለቅሶ ቤት ጥሩምባ መንፋት ነው። ቫዮሊን ግን እንደ ማሲንቆ ነው፤ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ያጅባል።

ደግሞ ታሪኩ ፓሪስ ሲገባ ከስንኙ ከፊሉ በፈረንሳይኛ ተዘፈነ፤ ወደ ካሪቢያን ሲሻገር ከበሮው በረከተ። ዜማው ያው ነው። አዝማሪም እንዲሁ አይደለም? እንግዳው በተለወጠ ቁጥር ግጥሙን ይለውጣል እንጂ ማሲንቆውን እንደገና አይቃኝም። በ2023 ለወጣው ሰባተኛ ምዕራፍ የዘፈነችው ሺኔድ ኦኮነር ነበረች፤ በወሩ ግድም አረፈች። ያንን መግቢያ ማሳለፊያውን ተጭኜ ዘልዬው አላውቅም።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ተረኩላት፤ ዘፈኑ የጥንት መስሎ እንዳታለለን፣ በውጊያው ጊዜ ጭራሽ እንዳልነበረ።

«ታዲያ የእኛው ትዝታስ» አለች ሰፌዱን እያንጓለለች፣ «ስንት ዓመቱ ነው?»